ጥርሱ ያልተበላ፣ ግን ዓመታት የቆመ የኮስተር ጎማ ይቀየራል ወይ?

የገራዶ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ወንድሞች። አጎቴ ኮስተሩን ከ2013 ጀምሮ ደሴ ገራዶ ግቢ ውስጥ አቁሞት ነበር። አሁን ሞተሩም ፍሬኑም ተሠርቶ፣ በሚመጣው ወር ሰርገኛ ጭኜ ባቲ ልወርድበት ነው። ጎማዎቹ 700 በ16 ናቸው፤ ስድስቱም አንድ ላይ አዲስ የተገዙ ናቸው ተብያለሁ፣ ጥርሳቸውም ሙሉ ነው። ጓደኛዬ ግን ጎናቸው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አይቶ «በዚህ ሰው እንዳትጭን» አለኝ። አንዱ ላይ 1417 የሚል ቁጥር አገኘሁ። ጎረቤታችን «17 ካለ የ2017 ነው፣ ገና አዲስ ነው» ይላል። መኪናው የቆመው በ2013! ግራ ገባኝ።

ጎሚስታው ከኮምቦልቻ
አብሽር፣ ጎረቤትህ የፈረንጁን አቆጣጠር ረስቶት ነው። የፊቶቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመት ናቸው። 1417 ማለት በፈረንጆቹ 2017፣ 14ኛው ሳምንት፤ በእኛ መጋቢት 2009 መጨረሻ። ስለዚህ ስምንት ዓመት አልፎታል። ብዙ መኪና አምራቾች ስድስት ዓመት ሲሞላው ቀይሩ ይላሉ። ጎማ አምራቾች ደግሞ ከአምስት ዓመት ወዲህ በየዓመቱ አስመርምሩ፣ ጥርስ ቢኖረውም ከ10 ዓመት አታሳልፉት ነው የሚሉት።

የሌሎቹን ቁጥር ካላገኘህ ከመኪናው ሥር ግባ። ቀኑ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ነው የሚታተመው፣ ያ ጎን ወደ ውስጥ ዞሮ ይሆናል።

የባቲ መስመር
ኧረ አታስፈራሩት! እኔ 11 ዓመት የሆነው ጎማ ላይ ነው የምሠራው። ጥርስ ካለው ይሄዳል። የስድስት ጎማ ዋጋ እኮ የሰርጉን በሬ ይገዛል።

ጎሚስታው ከኮምቦልቻ
ወንድሜ፣ ያንተ መኪና በየቀኑ ይሠራል፣ የእሱ ቆሟል፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጎማ ውስጥ ስንጥቅ የሚከላከል ሰም መሰል ነገር አለ፤ ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ወደ ላይ እየወጣ ፊቱን ይሸፍነዋል። የቆመ መኪና ላይ ይኼ አይሆንም፤ ፀሐይ ጎኑን ያደርቀዋል፣ ነፋሱ እየጎደለ በአንድ ቦታ ተጨፍልቆ ይቀራል። በዚያ ላይ ከደሴ ተነስተህ የሐረጎን ቁልቁለት በፍሬን ስትወርድ ቸርኬው ይግላል፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ ደግሞ የባቲ ሙቀት ይጠብቅሃል፣ ሰውም ሞልተሃል። እንዲህ ያለ ጎማ ግቢ ውስጥ ቆሞ አይፈነዳም፣ የሚፈነዳው እዚያ ነው። አንተም ብትሆን 11 ዓመቱን አስብበት።

የላስታ ልጅ
እኔ ላሊበላ ከቱሪስት ጋር ነው የምሠራው። አልጋና ማድቤት ያለው መኪና እየነዱ የሚመጡ ፈረንጆች አሉ። አንዱን ሽማግሌ ጎማው አዲስ መስሎ እያለ ለምን ሊቀይር እንዳሰበ ብጠይቀው፣ «ይቺ መኪና ከምትሄድበት የምትቆምበት ይበልጣል፤ እንደሷ ያለ ጎማ የሚያረጀው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በዕድሜ ነው» አለኝ። የአጎትህም ኮስተር ያው ነው።

የገራዶ ልጅ
እሺ፣ ስድስቱን ባንዴ መግዛት ግን አልችልም። ከየትኛው ልጀምር?

ጎሚስታው ከኮምቦልቻ
ከፊቶቹ ሁለት። የፊት ጎማ ከፈነዳ መሪው ከእጅህ ይወጣል። የኋላው ጥንድ ስለሆነ አንዱ ቢሄድ ሌላው ለጊዜው ይሸከማል። ግን አዲስና ያረጀ አታጣምር፤ በቁመት የሚበልጠው ብቻውን ይሸከምና ይቃጠላል፣ በጥንድ በጥንድ ቀይር። የኋላዎቹን ሳትቀይር ሰው አትጫን፣ ባዶውንም ጎማ ቤት ለማድረስ ካልሆነ አትንዳው። ስንጥቁ ውስጥ ክር ከታየህ ወይም ጎኑ ካበጠ ግን ባዶውንም አትንዳው፣ እዚያው አስወልቅ።

ስትገዛም ቀኑን አንብብ፣ «አዲስ ነው» ተብሎ መደርደሪያ ላይ አራት ዓመት የተኛ አይቻለሁ። ነፋስ የምትለካው ጠዋት ሳትነሳ ነው። መንገድ ላይ ጎማው ግሎ ልኬቱ ከፍ ቢል እንዳታስተነፍሰው፣ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኘዋለህ።

የባቲ መስመር
ስለ ነፋሱ እውነቱን ነው። ስለ ዕድሜው... እስቲ ነገ የኔንም አያለሁ።

የገራዶ ልጅ
ዛሬ በባትሪ መብራት ሥሩ ገብቼ አየሁ። አራቱ 1417 ናቸው፣ አንዱ ቁጥሩ ተፍቋል። የኋላ ቀኝ የውስጠኛው ግን 3511 ይላል! በእኛ ነሐሴ 2003 መሆኑ ነው። «ስድስቱም አንድ ላይ አዲስ» የተባለው ይኼ ነው እንግዲህ። አጎቴ ራሱ ደንግጦ የሁለቱን የፊት ጎማ እሱ ሊከፍል ነው፤ የኋላዎቹን እስክሞላ ሰርገኛው በኪራይ መኪና ይሄዳል።

ጎሚስታው ከኮምቦልቻ
ደግ አደረግክ። ስኮርታውንስ፣ ትርፍ ጎማውን፣ አየኸው?

የገራዶ ልጅ
እሱን ረሳሁት። ልሂድና ልየው።