ለማህፀን ካንሰር ከዕፅዋት የተገኘ መድኃኒት አለ? እርድና አጣጥስ?

ጠያቂ (የፋርማሲ ተማሪ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) የጀመሩ የማህፀን ካንሰር ታካሚዎች እርድ በማርና በቁንዶ በርበሬ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ደጋግመው ይጠይቃሉ። አጣጥ የሚባለው ዛፍም «ካንሰር ይገድላል» ይባላል። በርግጥ የሚሠራው የቱ ነው? ከኬሞው ጋር የሚጋጨውስ?

ጠብታ፦
መጀመሪያ የማህፀን በር ነው ወይስ የውስጥ ግድግዳው? ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ እኛ ዘንድ ግን «የማህፀን» ተብሎ ይታለፋል። ለተስፋፋ የግድግዳው ካንሰር ከዕፅዋት የመጣው ዋና መድኃኒት ፓክሊታክሴል ነው። መጀመሪያ የተገኘው ከፓስፊክ ዪው ዛፍ ቅርፊት ሲሆን ኬሚካዊ ቅርጹ በ1971 እ.ኤ.አ. ታተመ። ካርቦፕላቲን ከሚባል ሌላ የኬሞ መድኃኒት ጋር በየ21 ቀኑ፣ 175 ሚ.ግ. በካሬ ሜትር፣ በ3 ሰዓት ይንጠባጠባል። የሰውነት ስፋቷ 1.6 ካሬ ሜትር ለሆነ 280 ሚ.ግ. ነው፤ 6 ሚ.ግ. በሚ.ሊ. ከሆነው ብልቃጥ 46.7 ሚ.ሊ.።

ስህተት የሚበዛው ዝግጅቱ ላይ ነው። ማሟሟያው ክሬሞፎር ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ከተሠራ ከረጢትና ቱቦ የፕላስቲክ ማለስለሻ ያወጣል፤ ስለዚህ ፒቪሲ ያልሆነ ዕቃና 0.22 ማይክሮን ማጣሪያ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ሲሰጥ ለሚነሳው አለርጂም በአብዛኛው ተጠያቂው ይኸው ክሬሞፎር ነው። አለርጂውን የሚከላከለው ዴክሳሜታሶን 20 ሚ.ግ. 12 እና 6 ሰዓት ቀደም ብሎ የሚዋጠው ለዚህ ነው። የሌሊቱን ክኒን መዋጧን ሳትጠይቅ አትጀምር።

የቅመም ኬሚስት፦
እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን 3 በመቶ አካባቢ ነው፤ አንጀትም ብዙም አያሳልፈውም። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የካንሰር ሕዋስ የሚገድለው መጠን ደም ውስጥ አይደርስም። ቁንዶ በርበሬ የሚጨመረው ፒፔሪኑ የኩርኩሚንን መምጠጥ 20 እጥፍ ስላሳደገ ነው። ጣጣውም እሱ ነው፦ ፒፔሪን ፓክሊታክሴልን ከሚሰብሩት የጉበት ኢንዛይሞች አንዱን፣ ሲዋይፒ 3ኤ4ን፣ ያፍናል። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ቢቆይ ነጭ የደም ሕዋስ ይወርዳል፣ የእጅና የእግር መደንዘዙ ይብሳል። ወጥ ላይ ጣል የምትደረገው አታሳስበኝም፤ በማንኪያ የሚቃመውና ካፕሱሉ ግን ይቁም።

ሥርና ቅጠል፦
የአጣጥ ወሬ ከባዶ አልመጣም። ሜይታንሲን የሚባለው ሕዋስ ገዳይ ኬሚካል በ1972 እ.ኤ.አ. የተለየው ከኢትዮጵያ በተወሰደ የዚሁ ወገን ተክል ነው። ብቻውን ሲሞከር ግን አንጀትና ነርቭ ጎድቶ ቀረ። ኋላ ከእሱ የተሠራ ተዛማጅ ኬሚካል ከፀረ እንግዳ አካል (የካንሰር ሕዋሱን ለይቶ ከሚይዝ ፕሮቲን) ጋር ተጣብቆ ለጡት ካንሰር ዋለ፤ ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን የሚባለው። ለማህፀን የተፈቀደ አይደለም። አጣጥ የሚባሉት ዛፎችም ብዙ ናቸው፤ ቀቅሎ የሚጠጣ ሰው ስንት ማይክሮግራም እንደዋጠ በምን ያውቃል?

ጠያቂ፦
«ተፈጥሯዊ ነው» ሲሉኝስ?

ጠብታ፦
ፓክሊታክሴሉም ከዛፍ ነው የመጣው በላቸው። ከዚያ የሚወስዱትን ዱቄት ከነማሸጊያው ያምጡት፤ ከሚቀጥለው ዙር በፊት ደም ሲቆጠር ሐኪሙ አብሮ ይየው።