አራተኛ የቅንጣት ትውልድ በሩ ተዘግቷል?

ድሬዳዋ ላይ 12ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሦስቱን የቅንጣት ትውልዶች (በክብደት እንጂ በጠባይ የሚመሳሰሉ የቅንጣት ቤተሰቦች) ኤሌክትሮን፣ ሙዮን፣ ታው ብዬ ሰሌዳው ላይ ስደረድር አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ አራተኛስ?» አለችኝ። የድሬ ልጅ መቼ በዋዛ ይለቃል!

እያንዳንዱ ትውልድ የራሱ ኒውትሪኖ (በጣም ቀላልና ቻርጅ የሌለው ቅንጣት) አለው፤ በሰርን የምርምር ማዕከል የነበረው ሌፕ የተባለ የቅንጣት ማፋጠኛ የዜድ ቦዞንን (የደካማው ኃይል ተሸካሚ ቅንጣት) መፈራረስ ለክቶ የኒውትሪኖ ዓይነቶች 2.98 ገደማ፣ ማለትም 3 መሆናቸውን አሳይቷል አልኳት። አልተዋጠላትም። እውነቷን ነው፤ ልኬቱ የሚይዘው ክብደታቸው ከዜድ ግማሽ፣ ከ45 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣት ክብደት መለኪያ) ግድም በታች የሆኑትን ብቻ ነው።

ወደ ሂግስ፣ ለቅንጣቶች ክብደት ከሚሰጠው መስክ ጋር ወደተያያዘው ቅንጣት፣ ዞርኩ። ከባድ የአራተኛ ትውልድ ኳርኮች (ፕሮቶንን የሚሠሩት ዓይነት ቅንጣቶች) ቢኖሩ ሂግስ ከግሉኦኖች (ኳርኮችን ከሚያጣብቁ ቅንጣቶች) የሚፈጠርበት መጠን 9 እጥፍ ገደማ ያድግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የተገኘው ሂግስ እንደዚያ አይደለም። ግን ይሄም ስሌት ኳርኮቹ ክብደታቸውን ከሂግስ ብቻ ያገኛሉ ብሎ ነው የሚነሳው። የተጣበቅኩት እዚህ ጋ ነው።

ክብደታቸውን ከሂግስ ውጭ የሚያገኙ ከባድ ኳርኮች ቢገኙ፣ አራተኛ ትውልድ ይባላሉ ወይስ ከናካቴው ሌላ ዓይነት ቅንጣት ናቸው?