ፕሮግራሜ ፕሮሰሰሩን በእርግጥ የሚጠቀመው ለምን ያህል ጊዜ ነው?

ጠያቂ (ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ዙሪያ ካሉ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚመጣውን የእሸት ቡና ርክክብ መዝገብ የሚያደራጅ ፕሮግራም በፓይተን ጽፌያለሁ። ኮምፒውተሩ ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና የተጫነበትና ባለ 4 ኮር (ፕሮሰሰሩ ጎን ለጎን የሚሠሩ 4 ክፍሎች ያሉት) ሲሆን፣ የአንድ ወቅት መዝገብ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ ባልደረቦቼ ፈጣን ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ይገዛ ብለዋል። እኔ ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ከዚህ ውስጥ ፕሮሰሰሩ የሠራበት ምን ያህሉ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። መነሻና መድረሻው ላይ ሰዓት አንብቤ ልዩነቱን ብወስድም፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ሲከፈቱ ቁጥሩ ይለዋወጥብኛል።

መላሽ 1፦
ሰዓት በማንበብ ያገኙት ያለፈውን ጊዜ እንጂ የፕሮሰሰሩን ጊዜ አይደለም። ፕሮግራምዎ ዲስክ ሲጠብቅ ወይም ተራው ለሌላ ፕሮግራም ሲሰጥ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ የፕሮሰሰር ጊዜ ግን አይቆጠርም። በተርሚናል ላይ ከፕሮግራምዎ ስም በፊት ታይም የሚለውን ትእዛዝ ጽፈው ያስኬዱት። ሦስት ቁጥሮች ያገኛሉ፦ ሪል ያለፈው ጊዜ ነው፣ ዩዘር የራስዎ ኮድ የተሠራበት ነው፣ ሲስ ደግሞ ስርዓተ ክወናው በእርስዎ ስም ፋይል ለማንበብና ለመሰል ሥራ ያዋለው ነው። የሚፈልጉት የኋለኞቹን ሁለት ድምር ነው።

መላሽ 2፦
በዚህ ላይ ልጨምር። ከፕሮግራሙ ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ ለመለካት ከፓይተን 3.3 ጀምሮ ፕሮሰስ ታይም የተባለ ተግባር አለ፤ የዩዘርንና የሲስን ድምር ይሰጣል፣ የእንቅልፍ ጊዜንም አይቆጥርም። ሆኖም ፕሮግራምዎ ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሳ ከሆነ የዚያን ጊዜ አያካትትም፤ ታይም ግን ፕሮግራምዎ አስነስቶ እስኪጨርሱ የጠበቃቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ ይደምራል። ሥራው በ4ቱም ኮሮች ላይ ከተከፋፈለ ድምሩ ካለፈው ጊዜ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ይህን ሲያዩ ስህተት እንዳይመስልዎ። በሲ ቋንቋ ለሚጽፉ አንባቢዎችም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የፕሮሰሰር ጊዜን የሚሰጠው ክሎክ የተባለ ተግባር በ32 ቢት ሊኑክስ ላይ በየ72 ደቂቃው ገደማ ቆጠራውን እንደ አዲስ ስለሚጀምር፣ ለረጅም ሥራ አይታመንም።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ስለካው ሪል 41 ደቂቃ፣ ዩዘር 6 ደቂቃ፣ ሲስ 1 ደቂቃ ሆኖ አገኘሁት። ፕሮሰሰሩ የሠራው 7 ደቂቃ ብቻ ከሆነ፣ የቀረው 34 ደቂቃ የት ሄደ ብዬ ኮዱን ስመረምር፣ ለእያንዳንዱ ርክክብ በኔትወርክ ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ፋይል ከፍቶ እንደሚዘጋ ተረዳሁ። ፋይሉን ወደራሴ ዲስክ ቀድቼ ወዲያው ደግሜ ሳስኬደው ሪል ወደ 8 ደቂቃ ወረደ፤ ዩዘር ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

መላሽ 2፦
የዩዘር አለመለወጥ ትክክለኛ ምልክት ነው፤ ስሌቱ ያው ነውና። ነገር ግን ፋይሉን ገና እንደቀዱት ስላስኬዱት ይዘቱ በሜሞሪ ውስጥ ሳይቆይ አልቀረም፣ ስለዚህ ዲስኩ የሚያስጠብቀው ጊዜ በ8ቱ ደቂቃ ውስጥ ላይታይ ይችላል። ለግዢው ውሳኔ የሚያቀርቡትን ቁጥር ኮምፒውተሩን አጥፍተው ካስነሱ በኋላ እንደገና ይለኩት።