የአባቴ ዓይን ውስጥ ብረት ገብቶ ወደ ኋላ ጠፋ፤ ፈጥናችሁ መልሱልኝ!

የፍራንኮዋ ልጅ፦ አዳማ ነን። አባቴ የግቢያችንን በር ሲሠሩ የብረት ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። በባትሪ ፈልጌ አጣሁት፣ ወደ ኋላ ሄዷል። እንባቸው ሊቆም አልቻለም። አምና ለእኔ የታዘዘ ጠብታ አለ፤ ላድርግላቸው?

በያጅ፦ እህቴ፣ እንዳያሹት! እጃቸውን ያዥ። በንጹሕ ውሃ፣ ከአፍንጫ በኩል ወደ ጆሮ እንዲፈስ አድርገሽ እጠቢላቸው።

እናት፦ የጡት ወተት ጠብ አድርጊላቸው ልጄ። እኛ ያደግነው በዚያ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦ «ወደ ኋላ ሄደ» የሚባለው ስሕተት ነው። የቆቡን ውስጥ የለበሰው ስስ ሽፋን ታጥፎ ነጩንም ይለብሳል፤ ጫፉ እንደተሰፋ ኪስ ነው፣ ማለፊያ የለውም። ስባሪው ወይ ላይኛው ቆብ ሥር ነው፣ ወይ ኮርኒያ ላይ ተተክሏል። ኮርኒያ ከጥቁሩ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው፤ መሃሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይወፍራል። የደም ሥር የለውም፣ ኦክስጅን በዋናነት ከአየር ያገኛል። ነርቭ ግን ሞልቶበታል፤ ጤፍ የማታህል ቅንጣት ሰው የምታስለቅሰው ለዚህ ነው።

ነዋሪ፦ ሰሞኑን አዳማን የያዘውን ነፋስ እያያችሁ? አቧራ ነው እንጂ ብረት አይደለም። በውሃ እጠቢው።

ነርስ፦ ጠብታውን ተዪው። ስቴሮይድ ካለበት ኢንፌክሽን ያባብሳል። ወተቱም ይቅር፤ ከጀርም የጸዳ አይደለም። አሁን ይህን ንገሪኝ፦ በማሽን ሲሞርዱ ነው በመዶሻ ሲመቱ? ብሌናቸው ክብ ነው?

የፍራንኮዋ ልጅ፦ በመዶሻና በመሮ ማጠፊያውን ሲነቅሉ ነው። ጥቁሩ ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት አለች፤ ብሌኑም ወደ እርሷ ሾጠጥ ብሏል። ሕመሙ ግን ቀለል ብሎልኛል ስላሉ ሊተኙ ነው።

ነርስ፦ አይተኙ! ውሃውንም አቁሚ። መምህሩ ያሉት በቆቡ በኩል ላለው መንገድ ነው፤ ከመዶሻ የተፈናጠረ ብረት ግን ኮርኒያውን ራሱን ወግቶ ይገባል። የሾጠጠ ብሌን የዚያ ምልክት ነው። የሕመሙ መቅለል አያታልላችሁ። የወረቀት ኩባያ ሥሩን ቆርጠሽ፣ የቆረጥሽውን ሥር እንደ ክዳን፣ ዓይኑን ሳይነካ ዙሪያው ባለው አጥንት ላይ አሳርፈሽ በፕላስተር ያዥው። ዓይኑን አትጫኑት፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል አይብሉ፣ አይጠጡ። የዓይን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል አሁኑኑ ውሰጃቸው፤ «በመዶሻ ሲመቱ ነው» ማለት እንዳትረሺ። ብረቱ መገኘቱ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ሳይጣራ ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራ ምርመራ) አይነሡ፤ ማግኔቱ ያንቀሳቅሰዋል።

መምህር፦ ነርሷ ትክክል ናት። ልጄ፣ የእኔን ትተሽ እርሷን ስሚ።

እናት፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ወተቱን አላደረግሽም አይደል?

በያጅ፦ ባጃጅ ካጣችሁ ፖስታ ቤት አጠገብ ነኝ፣ መኪና አለኝ።

በያጅ፦ እህቴ፣ ወጣችሁ?