ቤንዚን በጎማ ሲስብ ትን ብሎት እያሳለ ነው፣ ቶሎ መልሱልኝ

የኮምቦልቻዋ (ማታ 12፡40)
ሰላም ናችሁ እባካችሁ የምታውቁ። ታናሽ ወንድሜ ባጃጁ ላይ ቤንዚን ሊሞላ ጀሪካኑ ውስጥ ጎማ ከቶ በአፉ ሲስብ ድንገት መጣበትና ትን አለው፣ ዓይኑ እስኪቀላ ሳለ ሳለና ከዛ ተሻለኝ ብሎ ስራ ወጣ፣ አሁን ገብቶ ተኝቷል ሳሉ ተመልሶበታል ደረቴን ይወጋኛል ይላል። ሲያገሳ ራሱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እማዬ ወተት እያጠጣችው ነው። እናስመልሰው ወይስ ይተኛ? ፋርማሲ ሳይዘጋ የሚገዛ ነገር ካለ ንገሩኝ

ባለ ባጃጅ
ወተት ጥሩ ነው መርዝ ይሰብራል። ብዙ ይጠጣ

ወረፋ ገዳዬ
በዚህ ሰሞን ቤንዚን ያገኘ ሰው አለ?? እኛ ከትናንት ጀምሮ ሰልፍ ላይ ነን እሱ እየጠጣው ነው ሃሃሃ። ለማንኛውም እግዜር ይማረው፣ አጠገቡ ክብሪት አትጫሩ

ጋሽ መካሪ
ልጄ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቤንዚን ጀሪካን ውስጥ ምን ይሰራል ነው። ጥቁር ገበያ ባንገዛ ጥቁር ገበያ አይኖርም ነበር። እኔ በኛ ሰፈር በጀሪካን ቤንዚን ማድቤት ያስቀመጠ ሰው ቤቱ ሲነድ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ጣራው ሲወርድ። የዛሬ ልጅ ደግሞ ሲመክሩት አይሰማም፣ ጎማ በአፍ መሳብ ድሮ የጋራዥ ልጆች ሲያደርጉት እናቶቻችን ይገርፉን ነበር

ነርስ ነኝ
እህቴ ሌላውን ተይውና እኔን ስሚኝ። በፍጹም እንዳታስመልሱት። ወተቱንም አቁሙ። ቤንዚኑ ሲወርድ አንዴ አቃጥሎት ሄዷል፣ ሲያስመልስ እንደገና ወደ ሳንባው የመግባት እድል ያገኛል። ወተት ሆዱን ሞልቶ ከማስመለስ ውጪ የሚሰራው ነገር የለም። አሁን እነዚህን መልሺልኝ፦ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሆነው? ዕድሜው? ሰውነቱ ያተኩሳል? በደቂቃ ስንቴ እንደሚተነፍስ ሰዓት ይዘሽ ቁጠሪ። ሲያወራ ትንፋሽ ያጥረዋል? ከንፈሩ ጠቁሯል?

ሃያ ዓመት መሪ ላይ
ኧረ አታስፈራሯት። የተጠጣ ነገር ሆድ ነው የሚገባው፣ ሳንባ ምን አገባው። እኔ ናፍጣ ስስብ ነው ያረጀሁት ይሄው አለሁ። ጉንፋን ይዞት ይሆናል ሰሞኑን ብርድ ነው

ነርስ ነኝ
ጋሼ ሆዱ ብቻ ቢገባማ ደስ ባለኝ። የዋጠው ቤንዚን ያቅለሸልሸዋል፣ ያገሳዋል፣ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ችግሩ ትን ያለው ነው። ቤንዚን ከውሃ የቀጠነ ስለሆነ ጠብታዋ ሳንባ ስትገባ አንድ ቦታ አትቀመጥም፣ ተስፋፍታ የአየር ከረጢቶቹን ክፍት አድርጎ የሚይዛቸውን ስስ ፈሳሽ ታጥበዋለች። አንድ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ያህል እንኳን፣ ሳንባን ሊያስቆጣ ይበቃል። እርሶ እድለኛ ሆነው ትን አላሎትም ማለት ነው

የኮምቦልቻዋ
22 ዓመቱ ነው። 9 ሰዓት አካባቢ ነው የሆነው። ቆጠርኩ 30 ነው ሁለቴ ቆጥሬ ነው። ግንባሩን ስነካው ይፋጃል። ከንፈሩ ደህና ይመስለኛል መብራት ስለሌለ በስልክ ነው ያየሁት። ወተቱን አሁን አስመለሰው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው እምቢ አለ ቤንዚኑ ከየት መጣ ይሉኛል ብሎ ፈርቷል፣ ጥቁር ገበያ ነው የገዛው

ፈውስ ከጓዳ
አሞክሳሲሊን ግዢለት የኔ እህት፣ ፌጦ በሎሚም ጥሩ ነው

ነርስ ነኝ
ሂዱ። አሁን። የአዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው፣ 30 ቤት ውስጥ የሚጠበቅ አይደለም። አሞክሳሲሊኑን ተይው፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትኩሳቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ቁጣ ነው፣ ጸረ ተህዋስ አያበርደውም፣ በኋላ ካስፈለገ ሐኪሙ ያዝለታል። ፌጦም ምንም በአፉ አይግባ። ቤንዚን የነካውን ልብስ አውልቁለት ገላውን በሳሙና እጠቡት ግን እሱ አያዘግያችሁ፣ ከሰልም ሲጋራም አጠገቡ አይሁን። አታስተኙት ቀና ብሎ ይቀመጥ። መኪና ካጣችሁ 907 ደውሉ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው

ረዳት የነበርኩ
ለወንድምሽ ይሄን አንብቢለት። እኔ አይሱዙ ላይ ረዳት እያለሁ ናፍጣ ስስብ ልክ እንደሱ ትን አለኝ። ባለመኪናው እንዳይሰማ ብዬ ክሊኒክ ስሄድ ስለ ናፍጣው አልተናገርኩም፣ ትኩሳት አለኝ አልኩ፣ ታይፎይድ ነው ተብዬ መድኃኒት ይዤ ተመለስኩ። ማታውኑ መተኛት አቃተኝ ተቀምጬ ነው ያደርኩት። በማግስቱ ሌላ ቦታ ራጅ ሲያነሱኝ የቀኝ ሳንባዬ ታችኛው በኩል ነጭ ደመና የመሰለ ነገር፣ ሐኪሙ ምን ሳብክ አለኝ ሳልነግረው። አምስት ቀን ኦክስጅን ላይ ነበርኩ፣ ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ይብስ ነበር። ሐኪም ፖሊስ አይደለም፣ ቤንዚን ነው በሉት፣ ከየት ገዛህ የሚለው የለም

ነርስ ነኝ
ልክ ነው። ቤንዚን፣ 9 ሰዓት፣ ትን ብሎታል፣ አንዴ አስመልሷል፣ ይሄን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ። ራጅ ንጹህ ነው ቢሉሽም ወዲያው ይዘሽው እንዳትመለሺ፣ አንዳንዴ ራጁ ላይ እስኪታይ 12 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ጭራሽ የማያስል የማያተኩስ ሰው እንኳን ቢያንስ 6 ሰዓት ሐኪም ቤት ክትትል ይደረግለታል። እሱ ደግሞ ምልክት አለው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ቀን ሊብስ ይችላል፣ ከዛ አብዛኛው ሰው እየተሻለው ነው የሚሄደው

የኮምቦልቻዋ (ማታ 1፡25)
እሺ የጎረቤት ባጃጅ መጥቷል እየወጣን ነው። እማዬ እያለቀሰች ነው። አመሰግናለሁ

ቅን አሳቢ
ወተት ስጡት እህቴ፣ አያቴ ላምባ የጠጣ ልጅ በወተት ነው ያዳነችው

ነርስ ነኝ
ኧረ ከላይ አንብቡ ሰዎች

ሃያ ዓመት መሪ ላይ
እኔ ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። ግን 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ታንከር አፍ ላይ መገልበጥ አይቻልም እኮ፣ ግማሹ መሬት ነው የሚፈሰው። በአፍ ካልሳብክ በምን ታወርደዋለህ?

ረዳት የነበርኩ
ጋሼ መሃሉ ላይ ኳስ የመሰለ ጎማ ያለው በእጅ የሚጨመቅ አለ፣ ሁለት ሶስቴ ስትጨምቀው ራሱ ይወርዳል፣ ጀሪካኑ ከታንከሩ ከፍ ይበል እንጂ። እሱ ካጣህ ከጀሪካኑ ወደ ትንሽ ዕቃ እየቀነስክ በተቆረጠ ሃይላንድ ጨምር፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አፍህ አይነካውም

ወረፋ ገዳዬ
አፉ እንኳን ባይነካው ኪሱን ይነካዋል ሃሃሃ

ነርስ ነኝ (በማግስቱ፣ ጠዋት 3፡10)
የኮምቦልቻዋ፣ እንዴት አደረ? ሐኪም ቤት አስተኙት?

ረዳት የነበርኩ
እኔም እሱን ለማየት ነው የገባሁት። ስልኳ ዘግቶ ይሆናል መብራት የለም ብላ ነበር

ባለ ባጃጅ
ያ የሚጨመቀው ፓምፕ ደሴ ይገኛል? ስንት ነው?