በእንፋሎት የሚበስለው እንቁላል አዲስ አበባ ላይ እምቢ አለኝ፣ ልጅ ይዛችሁ የቻይና ምግብ የምትሠሩ እርዱኝ

የጎፋዋ እናት፦
ሰላም እናቶች እንዴት ናችሁ። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ቻይና ጓንዡ ከተማ 4 ዓመት ኖረን ከተመለስን ሦስት ወራችን ነው፣ ልጄ እዛው ነው የተወለደችው አሁን 1 ዓመት ከ7 ወሯ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ቻይናዊት አሮጊት ጆክ የሚሉትን የሩዝ ገንፎና በእንፋሎት የሚበስለውን እንቁላል አስለምደዋት ለሷ ምግብ ማለት በቃ እሱ ነው፣ አጥሚት ብላት ፍርፍር ብላት አፏን ትዘጋለች። እዛ በ10 ደቂቃ እንደ እርጎ ይረጋ የነበረው እንቁላል እዚህ መሃሉ ውሃ ነው፣ እሳት ስጨምርበት ደግሞ ስፖንጅ ይሆናል ቀዳዳ በቀዳዳ። ለኛ ለትልልቆቹ አትክልትና ሥጋ ልጠብስ ስልም ቀሚሴን ይዛ ታለቅሳለች፣ ባለፈው አንስቼ እስካባብላት ነጭ ሽንኩርቱ አረረ፣ ዘይቱ ሲፈናጠር ደግሞ እሷ ላይ እንዳያርፍ ነፍሴ ነው የምትወጣው። እንዴት ነው የምታደርጉት? ሶይ ሶስስ (ጥቁሩ ጨዋማ የአኩሪ አተር ሶስ) ለዚህ ዕድሜ ይሰጣል?

የካምፕ ምግብ ሠሪ፦
እህቴ አትጨነቂ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ከፍታው ነው። እኔ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ለቻይናዎች አበስል ነበር እና መጀመሪያ ላይ እነሱም ግራ ይገባቸዋል። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣል፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ጓንዡ ግን ባሕሩ ጋ ስለሆነች 100 ይጠጋል። እንፋሎቱ ራሱ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ እሳት ብትጨምሪም ሙቀቱ አይጨምርም ውሃው ዝም ብሎ ይንተከተካል እንጂ፣ መጨመር ያለብሽ ደቂቃውን ነው፣ ከ15 እስከ 18 ስጪው።

አሠራሩን ልንገርሽ። እንቁላሉን ስትሰብሪ ግማሽ ቅርፊቱን አትጣይው መለኪያሽ እሱ ነው፣ ለ1 እንቁላል 3 ግማሽ ቅርፊት ውሃ። ውሃው ፈልቶ ለብ ያለ ይሁን፣ ጥሬ ውሃ አየር ስላለበት አረፋ ይሠራል። አረፋ እንዳይበዛ ቀስ አድርገሽ ምቺና በሻይ ማጥለያ አጥልይው፣ ከላይ የቀረችውን አረፋ በማንኪያ አንሺ። ከዛ ሳህኑን በሌላ ሳህን ክደኚው፣ ካልከደንሽው ከድስቱ ክዳን የሚንጠባጠበው ውሃ ፊቱን ይበሳዋል። እሳቱ ዝቅ ይበል። ስትነቀንቂው እንደ ጄሊ መሃሉም እኩል ከተወዛወዘ ደርሷል።

ለጆኩ ደግሞ ሰባራ ሩዝ ግዢ ርካሽም ነው ቶሎም ይሟሟል። 1 ስኒ ሩዝ በ10 ስኒ ውሃ። ማታ አጥበሽ ከትንሽ ውሃ ጋር ፍሪዘር ውስጥ ካሳደርሽው በረዶው ፍሬውን ስለሚሰባብረው ጠዋት ሰዓት አይፈጅብሽም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው፦
የኔ እህት ሁለት ወንዶች አሉኝ ትልቁ 4 ትንሹ 2። እንደኛ ወጥ ቢሆን ሽንኩርቱን እያቁላላሽ መሃል ላይ ልጅ ማንሳት ትችያለሽ፣ የቻይና ጥብስ ግን 5 ደቂቃ ነው ያቺ 5 ደቂቃ ደግሞ እጅ አትለቅም። ስለዚህ መክተፉን በሙሉ ሲተኙ ነው የምጨርሰው፣ ሥጋው በኮርንስታርች (ነጩ የበቆሎ ስታርች ዱቄት) ተለውሶ ፍሪጅ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርቱ አንድ ሳህን፣ ካሮትና ጎመኑ ሌላ፣ ሶሱ በስኒ ተበጥብጦ። ዘይቱ ሳይግል በፊት ትንሹን ከምድጃው ራቅ አድርጌ ወንበሩ ላይ አስሬ የተቀቀለ ካሮት እሰጠዋለሁ። ሁሌም የኋላውን እሳት ተጠቀሚ የመጥበሻው እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር።

ሶይ ሶስ ላይ ጠንቀቅ በይ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ውስጥ ወደ 900 ሚሊግራም ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው) አለ፣ እዚህ አሜሪካ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1200 እንዳያልፍ ነው የሚመከረው። እኔ አትክልቱ እንደበሰለ የልጆቹን አውጥቼ ነው ሶሱን የምጨምረው። ስንዴና አኩሪ አተር እንዳለበትም እወቂ፣ አለርጂ ካለባት። ኦቾሎኒ ደግሞ በቻይና ጥብስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገባል፣ ሙሉ ፍሬውን 4 ዓመት ሳይሞላት እንዳትሰጪያት ያንቃል።

ጓንዡ ነዋሪ፦
ቲማቲም በእንቁላልስ ረሳሽው እንዴ፣ እዚህ ልጆች ሁሉ የሚያድጉበት ነው። እንቁላሉን ለስለስ እንዳለ ጠብሰሽ አውጪ፣ ቲማቲሙን ጭማቂው እስኪወጣ አብስይ፣ መልሰሽ ቀላቅይ፣ ሩዝ ላይ አፍስሺ። ለሷ ግን እንቁላሉ በደንብ ይብሰል።

የጎፋዋ እናት፦
ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት፣ በቅርፊቱ ለክቼ 17 ደቂቃ። ሳህኑን ስከፍተው ፊቱ ልክ እንደ ጓንዡው ለስልሶ አገኘሁት እንባዬ ነው የመጣው። በትንሽ የሰሊጥ ዘይት ጠብታ ብቻ ሰጠኋት፣ ማንኪያውን ቀምታኝ ራሷ በላች። ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናንተም እህቶቼ። ነገ ስትተኛ ከትፌ ጥብሱን እሞክራለሁ፣ ሥጋውን በኮርንስታርች ስንት ሰዓት ቀድሜ ልለውሰው?