በሁዳዴ ከእናቴ ጋር ሦስት ሌሊት ሮም፦ ምን ልያዝ፣ ምን ልተው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዘፍራንክፈርት

ሰላም ለሁላችሁም። እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ እኔ ጋ ፍራንክፈርት ናት። ከመመለሷ በፊት ሮምን ላሳያት አስቤያለሁ። በመጋቢት፣ ሐሙስ ሄደን እሑድ ማታ እንመለሳለን። ከዚያ በላይ ፈቃድ አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ወደ ሰባ እየተጠጋች ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ሜዳ ሜዳውን ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ደረጃ ግን አይሆንላትም። ደግሞ ሁዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አትቀምስ፤ ከዚያም በኋላ የጾም ብቻ ነው። እሷ "ጴጥሮስና ጳውሎስ የተቀበሩበትን ሳልሳለም አልመለስም" ብላለች። እኔ ደግሞ ኮሎሲየምን ማየት እፈልጋለሁ።

የት ሰፈር ብናድር ይሻላል? ቫቲካንንና ኮሎሲየምን ሳላደክማት ማዳረስ እችላለሁ? በዘጠኝ ሰዓት የጾም ምግብ የት ይገኛል? የእማዬ ቪዛ ደግሞ ጀርመን የሰጣት ነው፣ አንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ። ጣሊያን ደርሰን ስንመለስ ችግር ይፈጥርባት ይሆን?

መንገደኛው

ከቪዛው ልጀምር፣ እሱ ቀላሉ ነው። ቪዛው የሸንገን ከሆነ ጀርመን ስለሰጠው ጣሊያን አይከለክልም። "አንድ ጊዜ መግቢያ" ማለት ወደ ሸንገን ክልል አንድ ጊዜ መግባት ማለት ነው፤ ከፍራንክፈርት ሮም መሄድ ከክልሉ መውጣት አይደለም። ለንደን ወይም ኢስታንቡል ብትወስጃቸው ነበር መመለሻ የሚያጡት። ቀኑ አለማለፉን ብቻ እዪ።

ፓስፖርታቸውን ዋናውን ይያዙ፣ ኮፒ አይበቃም። ሆቴሉ እንግዳውን የመመዝገብ ግዴታ ስላለበት ገና ስትገቡ ይጠይቃችኋል። አንቺም የመኖሪያ ፈቃድሽን ከፓስፖርትሽ ጋር ያዢ።

የተርሚኒ ልጅ

እንኳን ደህና መጡልሽ። እኔ ሮም ነው የምኖረው። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ማደሪያ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያዢ፣ በተለይ ወደ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው በኩል። ሰፈሩ ያምራል ብዬ አልዋሽሽም። ማታ ማታ ግርግር አለ፤ ጣቢያው ፊት ለፊት ሻንጣን ከእጅ ማራቅ አይገባም። ግን ለእናንተ የሚመቸው እሱ ነው። ከፊውሚቺኖ ኤርፖርት ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያደርሳችኋል። ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ነው። አውቶቡሱም ሜትሮውም ያበሻ ምግብ ቤቶቹም እዚያው ናቸው። ታክሲ ከመረጣችሁ ነጩን ያዙ። ከኤርፖርት እስከ መሀል ከተማ ማዘጋጃ ቤቱ የቆረጠው ዋጋ አለ፣ 50 ዩሮ አለፍ ይላል፤ የመኪናው ዋጋ ነው እንጂ በሰው አይቆጠርም። አዳራሹ ውስጥ "ታክሲ፣ ታክሲ" እያለ የሚከተላችሁን ግን ዝም ብላችሁ እለፉት።

አልጋ ከመያዝሽ በፊት ሊፍት መኖሩን ጠይቂ። "አዎ" ካሉሽም አትርኪ፣ "ሊፍቱ ጋ ለመድረስስ ደረጃ አለ?" በይ። እዚህ ብዙው ትንንሽ ሆቴል የድሮ ሕንፃ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ በኋላ የተጨመረ የሽቦ ሳጥን ነገር ነው፤ ሁለት ሰው ከገባ ሻንጣው ውጭ ይቀራል። አንዳንዱ ጋ እሱ ዘንድ ለመድረስ ራሱ ስድስት ሰባት ደረጃ መውጣት አለ። ለእናትሽ ጉልበት ከኮሎሲየም በላይ የሚያስፈራው ይሄ ነው። ደግሞ የከተማ ግብር የሚባል አለ፣ በሰውና በሌሊት ተቆጥሮ ሆቴሉ ይቀበልሻል። ኢንተርኔት ላይ ካየሽው ዋጋ በላይ ሲጠይቁሽ እንዳትጣዪ።

ሜትሮውን ብዙ አትመኚው። ደረጃው ብዙ ነው፣ አሳንሰሩም ሁልጊዜ አይሠራም። አውቶቡስ ይሻላችኋል። ትኬቱ 1.50 ዩሮ ነው፣ 100 ደቂቃ ያገለግላል፤ የባንክ ካርድሽን ማሽኑ ላይ ብታስነኪም ይሆናል። ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር በሌባ የታወቀ ነው። ቦርሳ ከፊት ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የትራንስፖርት የሥራ ማቆም አድማ እዚህ አገር ዓርብ ዓርብን ይወዳል። አብዛኛውን ጊዜ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩልና ከ11 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት አውቶቡስ ይኖራል፤ በመካከል ግን በእግር ነው። ከመምጣታችሁ በፊት አጣሪ።

እቴጌ ዘቦሎኛ

የምግቡን ለኔ ተይው። እናቴን እኔም በጾም አዙሬያታለሁ።

ችግሩ የጾም ምግብ መጥፋቱ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። የሮም ምግብ ቤቶች ምሳ አብልተው ወጥ ቤታቸውን የሚዘጉት ልክ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው! ከዚያ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል አይከፍቱም። እናትሽ አፋቸውን ሊፈቱ ሲሉ አስተናጋጁ ወንበር ይገለብጣል ማለት ነው።

መፍትሔው "ፒዛ አል ታሊዮ" የሚል የተጻፈባቸው ትንንሽ ቤቶች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። ፒዛው በትልቅ አራት ማዕዘን ትሪ ተደርድሯል። በእጅሽ "እስከዚህ" ብለሽ ታሳያለሽ፣ በመቀስ ቆርጦ፣ መዝኖ፣ አሙቆ ይሰጥሻል። "ሮሳ" የሚባለው ቲማቲም ብቻ ነው፣ "ቢያንካ" ዘይትና ጨው። ቁጭ ብላችሁ ሙሉ ፒዛ ካዘዛችሁ "ማሪናራ" በሉ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ ነው፣ አይብ የለበትም።

ፓስታ ላይ ተጠንቀቂ። ደረቁ ስፓጌቲና ፔኔ ስንዴና ውኃ ነው፣ ይጾሙበታል። ትኩሱ፣ ፌቱቺኒ የሚባለው፣ እንቁላል አለው። "አሊዮ ኤ ኦሊዮ" ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና ሚጥሚጣ ነገር ነው፤ እናቴ እሱን ካገኘች ሌላ አላሰኛትም። ብቻ "ሴንሳ ፎርማጆ" ማለት አትርሺ፣ ያለ አይብ ማለት ነው። ካላልሽ ከላይ ነስንሰውበት ይመጣሉ። በመጋቢት ደግሞ ካርቾፊ የሚሉት አትክልት ወቅቱ ነው። በድሮው የአይሁድ ሰፈር ሙሉውን በዘይት ጠብሰው፣ እንደ አበባ ተዘርግቶ፣ ቅጠሉ እንደ ቺፕስ እየተሰባበረ ይመጣል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም።

ያበሻ ምግብ ቤት ተርሚኒ አካባቢ ሞልቷል፣ በያይነቱ አታጡም። አንዳንዱ ከሰዓት በኋላ ስለሚዘጋ ደውለሽ ሂጂ።

ደግሞ አስቢው፣ ቅዳሜና እሑድ እኮ በሁዳዴም እስከ ዘጠኝ አይጾምም! እናትሽ ጠዋት ቀምሰው ነው የሚወጡት። ከባዱን ጉዞ ቅዳሜ አድርጊው፣ ዓርብን አቅልዪላቸው።

ጋሽ ሮማ

ልጄ፣ እናትሽ ሮምን ለመሳለም ነው የሚመጡት፣ አንቺ ድንጋይ ለማየት። ሁለቱም ይሆናል፣ ግን ቅደም ተከተል ይኑረው።

ዓርብ ጠዋት ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ውሰጃቸው። ከሆቴላችሁ በእግር ነው፣ መግቢያም አያስከፍልም። በግራ በኩል ያለው ጸሎት ቤት ውስጥ ከመሠዊያው በላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ። እናትሽ ዝም ብለው ይዩት፣ አንቺ ምንም አትንገሪያቸው። ቀኝ እጇ በግራው ላይ ተላልፎ፣ ሁለት ጣቷ ወደ ታች ተዘርግቶ፣ በግራ እጇ መሐረብ ይዛ። እኛ አገር ስንት ቤተ ክርስቲያን ያለችው ምስለ ፍቁር ወልዳ ናት! ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን የዚህን ሥዕል ቅጂ ወደ ኢትዮጵያ ይዘው ገብተው ሠዓሊዎቻችን በራሳቸው ቀለም ወስደውታል። በ2025 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያረፉት የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም የተቀበሩት እዚሁ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቅዱስ ጳውሎስ ሂዱ። ከግንቡ ውጭ ያለው ትልቁ ባዚሊካ ነው፣ ባቡር ጣቢያውም በስሙ ይጠራል። መቃብሩ ከመሠዊያው በታች ነው፤ ታስሮበታል የሚባለው ሰንሰለትም ይታያል። ቤቱ ሰፊና ለጥ ያለ ነው፣ ሰውም እንደ ቫቲካን አይጋፋም። ለደከመ ጉልበት ከሮም አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ይሻላል።

ቅዱስ ጴጥሮስ ቅዳሜ ይሁን። ጠዋት በአንድ ሰዓት ይከፈታል፤ ያኔ ብትደርሱ የፍተሻው ወረፋ አይገድላችሁም። መግቢያው ነጻ ነው። በቀኝ በኩል የጴጥሮስ የነሐስ ሐውልት ተቀምጧል፤ ምእመናን ሲሳለሙት ኖረው የቀኝ እግሩ ጣቶች ተፍቀው ጠፍተዋል። ነጠላም ቢለብሱ ማንም አይናገራቸውም። ጉልላቱን ግን እንዳታስቡት፤ በሊፍት እንኳ ወጥታችሁ ከ300 በላይ ደረጃ ይቀራል።

ሌላው፣ ከተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ ይባላል። እነማን መሰሉሽ? በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው፣ የግብፅ ሐውልት ያለበት፣ ከጣቢያው ትንሽ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ቆሟል። ዘርዓይ ደረስ በ1938 ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው፤ ያኔ ከአዲስ አበባ የዘረፉት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከሥሩ ተቀምጦ ነበር። ቱሪስት የሚባል ዞር ብሎ አያየውም። እናንተ ግን ሳታዩት ባቡር አትሳፈሩ።

ሙዚየም ወዳዱ

ጋሼ የቫቲካንን ሙዚየም ዘለሉት እኮ! ሲስቲን ጸሎት ቤትን ሳያዩ ሮም ሄድኩ ማለት ይቻላል? ማይክል አንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 አንገቱን ቀልብሶ የሣለው ጣሪያ ነው። ትኬት ኦንላይን ቀድማ ትቁረጥ፣ ያልቃል። እናትየውም አይቸገሩም፤ ሙዚየሙ ተሽከርካሪ ወንበር በነጻ ያውሳል፣ መታወቂያ ማስያዝ ነው።

የተርሚኒ ልጅ

ወንበሩስ እውነት ነው። ግን ከመግቢያው እስከ ሲስቲን ድረስ ያለው ኮሪደር ማለቂያ የለውም፣ ቅዳሜ ደግሞ ሰው በሰው ላይ ነው። እሑድ ዝግ ነው። የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነጻ ይከፈታል፤ ያን ቀን የሚሰለፈውን ሕዝብ ካየሽ በኋላ ነጻ የሚለውን ቃል ትጠያለሽ። እኔ ብሆን እተወው ነበር።

ይልቅ ኮሎሲየም። አንቺ ዓርብ በማለዳ ግቢና እናትሽ ሆቴል ይረፉ፣ በአራት ሰዓት ማጆሬ ላይ ትገናኛላችሁ።

እቴጌ ዘቦሎኛ

ቋንቋ የማያውቁ እናት ሆቴል ጥለሽ ሂጂ ይባላል እንዴ? ኮሎሲየም እኮ ሊፍት አለው፣ አብረው ይግቡ። ትኬቱ የጥንቱን አደባባይ ፎሮንና የፓላቲኖን ኮረብታም ይጨምራል፤ ኮረብታውን ተይው። የቲቶን ቅስት ግን አሳያቸው። የሮም ወታደሮች ከኢየሩሳሌም መቅደስ ማርከው የወሰዱትን ሰባት ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ በድንጋይ ተቀርጿል። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቅ ሰው ከኮሎሲየሙ ይልቅ እሱ ጋ ነው የሚቆመው።

ሰላም ዘፍራንክፈርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእማዬ አነበብኩላት። ስለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ስነግራት "ሥዕል ለማየት ብዬ ተገፍቼ አልሄድም" አለች። ስለዚህ ሙዚየሙ ቀረ።

እንዲህ አስቤያለሁ፦ ሐሙስ ገብተን ማረፍ። ዓርብ ማጆሬና ቅዱስ ጳውሎስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በያይነቱ። ቅዳሜ ጴጥሮስ በማለዳ፣ ማታ በታክሲ ትሬቪ ፏፏቴ። እሑድ ጠዋት ኮሎሲየም አብረን፣ ከዚያ ኤርፖርት። የቀረ ነገር አለ?

ጋሽ ሮማ

ጥሩ ነው ልጄ። እሑድ ከኮሎሲየም ስትወጡ ታክሲውን በፖርታ ካፔና በኩል አሳልፉት፣ ከፋኦ (ከተመድ የምግብና የእርሻ ድርጅት) ሕንፃ ፊት ለፊት። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የነበረው እዚያ ነው። በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። አሁን ቦታው ላይ ሌላ መታሰቢያ አለ። እናትሽ ሐውልታችን እዚያ አለመኖሩን ቢያዩ ደስ ይላቸዋል።

ጫማቸው ወፍራም ሶል ይኑረው። የመሀል ከተማው መንገድ ጥቁር ንጣፍ ድንጋይ ነው፣ ለስላሳ ሶል ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

መንገደኛው

ቀኑን ስትወስኚ የፈረንጆቹን ፋሲካ ተመልከቺ። ከእኛ ጋር የማይገጥምበት ዓመት ብዙ ነው፤ የእነሱ ሰሙነ ሕማማት በእኛ ሁዳዴ መሀል ሊውል ይችላል። ያን ሳምንት አልጋው ይወደዳል፣ ጴጥሮስ አደባባይም አያስጠጋም። የወሩ የመጀመሪያ እሑድም ከሆነ ኮሎሲየም በነጻ ነው፣ ወረፋው ግን ለእናትሽ አይሆንም፤ ያኔ ቅዳሜና እሑድን አቀያይሪ።

የተርሚኒ ልጅ

የኮሎሲየም ትኬት ሽያጭ የሚከፈተው ከቀኑ 30 ቀን በፊት ነው። በዋናው ድረ ገጽ ብቻ ግዢ፣ በር ላይ ካርድ አንጠልጥለው ከሚያዋክቡት አይደለም። ስም ይጻፍበታል፣ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ያመሳክራሉ። ያበሻ ስም ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ አንዱ የአባቱን ስም ብቻ ይጽፋል፣ ሌላው አያቱን ይተዋል። የእናትሽን ፓስፖርት ፊትሽ ዘርግተሽ፣ ፊደሉን እንዳለ፣ ሦስቱንም ስም ቅጂ። የአውሮፕላን ትኬቱም ላይ እንደዚያው።